የአዞና የአጋዘን ቆዳ የአደን ቡትስ ማጽዳት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

አንድ ጥንድ የአደን ቡትስ እጄ ገብቷል። ባለቤቱ አጎቴ ነው። የፊቱ ክፍል፣ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የአጋዘን ቆዳ ነው። ተረከዙን የሚያቅፈውና ወደ ባት የሚወጣው ጎን ደግሞ የአዞ። ሶሉ ጎማ ነው፤ በስፌት የተያያዘ። አንድ የአደን ወቅት ሙሉ ሲረገጥበት ከርሞ፣ ጭቃው ሳይራገፍ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ቁም ሳጥን ገብቷል። ለቆዳ ከዚህ የከፋ ማስቀመጫ አይገኝም። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ሻጋታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ውሃ ከማስነካቴ በፊት በደንብ አየሁት። ክሮቹን ፈታሁ። ምላሱን ወደ ውጭ ጎተትኩ። መስኮት ዳር ወስጄ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣበት አደረግኩ። ከላይ በሚወርድ መብራት ሁሉም ቆዳ ደህና ይመስላል። ከጎን በሚመጣ ብርሃን ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ስለሚጥል መደበቂያ የለውም።

ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር አለ። ምላሱ ሥርም እንዲሁ። የግራው ጫማ አፍንጫ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ጠብታ ይታያል፤ ደም ነው። የክር መንጠቆዎቹ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። የአዞው ቅርፊቶች ደብዝዘዋል። በቅርፊትና በቅርፊት መካከል ያለው ቀጭን መስመር ደግሞ ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

የአዞ ቆዳ ሲያረጅ ቅርፊቱ ላይ አይሰነጠቅም። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ብዙም አይታጠፍም። የሚታጠፈው በመሃል ያለው ለስላሳ ቆዳ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር መስመሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አሸዋው የሚሰበሰበው እዚያ ነው፣ ድርቀቱ የሚጀምረውም እዚያ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚወለውለው ዓይን የሚስበውን ቅርፊት ነው። እኔ በዚህ ሥራ የምሞክረው ተቃራኒውን ነው። ቅባቱ ወደ መስመሩና ወደ መታጠፊያው ይሂድ፤ ለሜዳው ክፍል ትንሽ ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ቆዳው እውነተኛ አዞ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠቅማል። የላም ቆዳ በሙቀትና በግፊት ተጭኖ የአዞ መልክ ሊሰጠው ይችላል፤ ገበያው ላይ ሞልቷል። ልዩነቱን ለማየት ቀረብ ማለት ነው። በእውነተኛው ላይ ሁለት ቅርፊት አንድ ዓይነት አይሆንም። በተጫነው ላይ ያው ቅርጽ ትንሽ ቆይቶ ይደገማል። በብዙ የአዞ ዝርያዎች ደግሞ የሆድ ቅርፊቱ ጠርዝ አካባቢ አንዲት ጥቃቅን ነጥብ አለች፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያውቅባት የስሜት ነጥብ ናት። አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዘመድ በሆዱ ቅርፊት ላይ ይቺ የለችውም። የአጎቴ ጫማ ላይ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ነጩ ነገር ምንድን ነው?

ቆዳ ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ሁሉም ሰው "ሻገተ" ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። ቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ራሱ፣ በተለይ ቅዝቃዜ ሲያገኘው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ዱቄት መስሎ ሊረጋ ይችላል። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ መጀመር አይገባም፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

መለያው ቀላል ነው። የፀጉር ማድረቂያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ፣ ራቅ አድርጌ ይዤ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነፋሁበት። ጣት መታጠፊያው ላይ ያለው ነጭ ቀለጠና ጠፋ። ቅባት ነበር። ምላሱ ሥር ያለው ግን ንቅንቅ አላለም። ቀረብ ብዬ ሳየው ጸጉር ጸጉር ያለው ክብ ክብ ነገር ነው፤ ሽታውም ያስታውቃል። እሱ ሻጋታ ነው።

የቀለጠውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት፣ አለቀ። ሻጋታው ግን ቤት ውስጥ አይራገፍም። ዘሩ በአየር ተበትኖ ሌላ ጫማ ላይ ያርፋል። አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ ደጅ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደረቁ ሥራ

መጀመሪያ ጭቃውን። ጭቃ ደርቆ ነው የሚራገፈው። እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ውስጡ ያለው አሸዋ ቆዳውን ይፍቃል። ይኼኛው ከደረቀ ቆይቷል፤ አንድ የጠቀመን ነገር ቢኖር ይህ ነው። በሶሉ ጥርሶች መካከል የተጠቀጠቀውን በእንጨት ስንጥር አወጣሁ። ብረት ለዚህ አይሆንም፣ አንድ ጊዜ ከሾለከ ስፌቱን ይበጥሳል።

ለአጋዘኑ ቆዳ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ፣ ለአዞው ደግሞ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያዝኩ። የጥርስ ብሩሹን ቅርፊቱ ላይ ሳይሆን መስመሩ ውስጥ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ነው የምስበው። ወዲያና ወዲህ ማሸት የለም። ከአንዱ መስመር ብቻ የወጣው አቧራ ጨርቁ ላይ ቀይ ክምር ሠራ። ይህ ሁሉ አፈር እዚያ ቁጭ ብሎ፣ አጎቴ በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ሲሞርድ ነበር ማለት ነው።

ጫማው የእባብ ወይም የዘንዶ ቆዳ ቢሆን ኖሮ አቅጣጫው ሌላ ጣጣ አለው። የእባብ ቅርፊት ጠርዙ ክፍት ነው። ከራስ ወደ ጭራ ካልተጠረገ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ተመልሶ አይተኛም።

የመንጠቆዎቹ አረንጓዴ ነገር ደስ የሚል ሥራ ሆነ። ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ሰም መሳይ ቆሻሻ ነው። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፉን ትንሽ አኝኬ አለሰለስኩና በመንጠቆው ዙሪያ አዞርኩት። እየተጠቀለለ ወጣ። የብረት ማጽጃ ኬሚካል እዚህ ቦታ አይገባም። መንጠቆውን ያነጣዋል፣ ቆዳውንም አብሮ።

ቀጥሎ ሻጋታው። ብዙ ጊዜ 70 በመቶ አልኮል ነው የሚመከረው፤ በጨርቅ አስነክቶ ቶሎ መጥረግ። አልኮል ግን ቀለም ያነሳል። ምላሱ ከውስጥ፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ሞከርኩት። ነጩ ጨርቅ ቡናማ ሆነ። ስለዚህ አልኮሉን ተውኩትና አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ተጠቀምኩ። ጨርቁ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ጠርጌ፣ ንጹህ ውሃ በነካ ሌላ ጨርቅ ደግሜ፣ ጥላ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው ተውኩት።

ደሙ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ደም ፕሮቲን ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው እዚያው ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አርሼ ጫን አደረግኩ፣ አነሳሁ፣ በንጹሁ በኩል ገልብጬ እንደገና ጫንኩ። ማሸት ደሙን ወደ ጎን ያሰፋዋል እንጂ አያወጣውም። ቁስል ላይ የሚደረገውን አረፋ የሚያወጣ ኦክሲጂን ውሃ የሚሞክሩ አሉ። ደሙን ያጠፋል፣ እውነት ነው፤ ግን የቆዳውንም ቀለም ይዞት ይሄዳል። የእኛ ጠብታ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ደብዝዞ የአጋዘኑ ቆዳ ከራሱ ጠባሳዎች ጋር ተቀላቅሏል። ይብቃው ብያለሁ።

ስለ ጠባሳው ካነሳሁ አይቀር፦ አጋዘን እሾህ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ቆዳው ላይ የቧጨረው ሁሉ ተጽፎ ይቀራል። በጫማው ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የነጡ መስመሮች ጉዳት አይደሉም። በቀለም ለመሸፈን የሚታገል ሰው አይቻለሁ፤ ትርፉ ድካም ነው።

እሁድ

አጎቴ ደወለ።

"የት አደረስከው?"

"ዛሬ አጥበዋለሁ ጋሼ።"

"በሳሙና? ኧረ እንዳታበላሽብኝ!"

"በአረፋው ነው ጋሼ፣ በውሃው አይደለም።"

አላመነኝም፤ ግን ነገሩ እንደዚያው ነው። ሳሙናው ላይ መጠንቀቁ ልክ ነው። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላ ነው፤ በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ ነው) ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ከ9 በላይ ይወጣል። የተለመደው የኮርቻ ሳሙናም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ለወፍራም የላም ቆዳ ኮርቻ አልፎ አልፎ ቢነካው ምንም አይል ይሆናል። ለእንደዚህ ዓይነት ጫማ ግን ፒኤቹ ከቆዳው ጋር የተስማማ የቆዳ ማጽጃ መፈለግ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ካልተጻፈ እኔ አልገዛም።

አጋዘኑን እንዲህ አጠብኩ። ስፖንጅ አርሼ ጨመቅኩ። ትንሽ ማጽጃ ጠብ አድርጌ አረፋ እስኪሆን አሸሁት። አረፋውን ብቻ አንስቼ፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ አንዱን ክፍል ሙሉ አዳረስኩ። ሙሉ ማዳረሱ ምክንያት አለው፤ ቆዳ ግማሹ ርሶ ግማሹ ከደረቀ በድንበሩ ላይ የውሃ መስመር ይቀራል። ከዚያ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ አረፋውን አነሳሁ።

አዞው ጋ ስፖንጅ አላስጠጋሁም። ውሃ ቅርፊቱ ሥር ከገባ ቅርፊቱ ሊያብጥና ጠርዙ ሊነሳ ይችላል። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ መስመር በመስመር ሄድኩ። አሰልቺ ነው፤ ሬዲዮ ያስፈልገዋል። ይህ አዞ የደበዘዘ አጨራረስ ያለው መሆኑ ሥራውን አቅልሎልኛል። በድንጋይ ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንዲት የውሃ ጠብታ ምልክት ትተውበት ነበር። በርግጥ ለአደን ጫማ እንደዚያ ያለ አዞ የሚመርጥ ሰው አይጠፋም፤ ገንዘቡም ጭንቀቱም የእሱ ነው።

የሰጎን ቆዳ ላላቸው አንድ ነገር ልበል። ላባው የነበረበት ጉብታ ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ አለ። ማጽጃውም ክሬሙም እዚያ ይከማችና ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይሆናል። በጨርቅ ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ በክብ ማዞር ነው የሚያወጣው። የሻርክና የሰጎን ቆዳ ቅባት ይወዳል። ስቲንግሬይ በሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ቆዳ ላይ ያሉት ጠንካራ እንክብሎች ግን ቅባት አይጠጡም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

እሁድ ማታ፣ ማድረቅ

ብዙ ጫማ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከዝናብ የገባ አዳኝ የመጀመሪያ ሥራው ጫማውን እሳት ዳር ማቆም ነው። ቆዳ ማለት ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው። እርጥብ ሳለ ሙቀት ሲያገኘው ክሩ ይሰበሰባል፣ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቅባት አይመልሰውም። በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ ደግሞ በክሮም ማዕድን ጨው ከተለፋው ያነሰ ሙቀት ነው የሚችለው። የክፍሉ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር ይበቃል። ፀሐይም አያስፈልግም።

ውስጡን ወረቀት ሞላሁት፤ ሳይወጠር፣ ቅርጹን እንዲይዝ ያህል። የውስጥ ሶሉን አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት። ጫማውን ደግሞ በጎኑ አጋደምኩት፤ ሶሉም አየር ያግኝ። ወረቀቱ እርጥበት ሲይዝ ይቀየራል። እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። መድረቁ የሚታወቀው እጅ ውስጥ ገብቶ የጣቱ ጫፍ ጋ ሲዳሰስ ነው፤ ከውጭ ደረቅ የመሰለ ጫማ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ ቅባቱ

ዛሬ ጣት እስከ ጫፉ ገብቶ ደረቅ ነገር ነካ። እንጀምር።

አንድ የውሃ ጠብታ አጋዘኑ ላይ አሳረፍኩ። ወዲያው ሰመጠ፤ ጠቆር ያለ ክብ ቀረ። ተጠምቷል። ሌላ ጠብታ የአዞው ቅርፊት ላይ አሳረፍኩ። እዚያው ድብልብል ብሎ ቆመ። መርፌ ጫፍ ላይ ትንሽ ውሃ ይዤ መስመሩ ውስጥ ነካ ሳደርግ ግን እሱም ጠጣ። አንድ ጫማ ላይ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት፣ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም። ከአንድ ቆርቆሮ ወስዶ ሁሉንም እኩል መቀባት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ምርጫው ላይ ብዙ አሰብኩ። ከላም እግር አጥንት የሚወጣው ዘይት የድሮ አዳኞች ወዳጅ ነው። በደንብ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ቀለም ያጠቁራል፣ ከበዛም ቆዳውን ያላላዋል፣ ያ ነጭ ቅባትም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ተረከዝ የሚይዝ ክፍል ደግሞ ላላ ማለት የለበትም። ሚንክ ከሚባለው ትንሽ ባለፀጉር እንስሳ የሚወጣው ዘይትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ የወሰድኩት ከበግ ሱፍ የሚወጣው ላኖሊን ትንሽ የንብ ሰም የተቀላቀለበት፣ ሽታ የሌለው ክሬም ነው። ላኖሊን በሰውነት ሙቀት አካባቢ ስለሚለሰልስ በጣት ማሸት ይበቃዋል። ሽታ የሌለው ያልኩት ደግሞ ለአዳኝ ቁምነገር ነው። ሽቶ የገባበት ክሬም የተቀባ ጫማ ይዞ ጫካ መግባት "መጣሁላችሁ" ብሎ ለእንስሳቱ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው።

መጀመሪያ እንደገና ምላሱ ውስጥ ሞከርኩ፣ አሳደርኩ። ቀለሙ በትንሹ ጠቆረ፤ የሚጠበቅ ነው። አጎቴን ጠየቅኩት። "ጥቁር ይሁን ለእኔ ምን ገዶኝ፣ ብቻ ውሃ አያስገባ" አለ።

ለአጋዘኑ የአተር ፍሬ የምታህል ወስጄ በመዳፌ አሙቄ በስሱ አዳረስኩ። በመታጠፊያው ላይ ጫማውን በእጄ ቀስ ብዬ አጠፍኩት፣ ሽብሽቡ ሲከፈት ቅባቱን አስገባሁ፣ ለቀቅኩት። ቆዳው ሲጠጣ ዓይን እያየው ነው የሚጠጣው። ያብረቀርቃል፣ ይደበዝዛል፣ እንደገና ይጠይቃል። መታጠፊያው ሁለተኛ ዙር አገኘ። አፍንጫው አላገኘም፤ መጀመሪያውኑ መጠንከር ያለበት ክፍል ነው።

ለአዞው ቀጭን የሥዕል ብሩሽ አመጣሁ። ክሬሙን ትንሽ አሙቄ፣ በብሩሹ ጫፍ መስመሩን ብቻ ተከተልኩ። የቅርፊቱ ላይ የተረፈውን ወዲያው በጨርቅ አነሳሁ። የመጀመሪያውን ጎን ስጨርስ ልዩነቱ ታየ። ግራጫው መስመር ወደ ቡናማ ተመለሰ፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቅርፊቶቹ ከመንቋቋት ይልቅ ዘንበል ዘንበል አሉ። ድምፁ ይነግራል። ደረቅ የአዞ ቆዳ ሲታጠፍ ይንቋቋል፤ የጠገበው ዝም ይላል።

ቅባቱን ከጎማው ጠርዝ አራቅኩ። ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ማስቲሹንም ያላላል። ውስጡ ጎርቴክስ (ውሃ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ ስስ ሽፋን) ያለበት ጫማ ያላችሁ ደግሞ ከባድ ስብ አትጫኑበት። የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳ ሲደፈን እግር በላቡ ይርሳል።

ቅዳሜ

ቅባቱ ገብቶ እንዲያርፍ ተውኩት። ዛሬ በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ፈጠን ፈጠን አድርጌ ወለወልኩት። ብሩሹ ላይ የተያዘው ትርፍ ቅባት ጥቂት ነው፤ ቆዳው የሚችለውን ያህል ወስዷል ማለት ነው። የውሃ ጠብታውን ደገምኩ። አሁን አጋዘኑ ላይም ድብልብል ብሎ ይንከባለላል። መስመሩ ላይም ይቆማል።

አጎቴ ጫማውን ለአዲስ ሶል ወደ ውጭ አገር ልላከው ብሎ ነበር። ይህ እንደ ተራ ጫማ አይላክም። የአዞ ዝርያዎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው፣ በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው። ሰው አድርጎት ድንበር ሲያልፍ የሚፈቀደው በፖስታ ሲሄድ ላይፈቀድ ይችላል። መጀመሪያ የሁለቱን አገር ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው። ጉምሩክ ከያዘው በኋላ ቅባት መቀባት ፋይዳ የለውም።

ማስቀመጫው ተቀይሯል። ፌስታሉ ወጥቷል። የዝግባ እንጨት ቅርጽ መያዣ ገብቶበት፣ በጨርቅ ከረጢት፣ አየር በሚገኝበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ65 ካለፈ ሻጋታው ይመለሳል። አዲስ ክር አስገብቼለታለሁ፤ አሮጌው መንጠቆው ጋ ተበልቶ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። በቀኙ ጫማ፣ አዞው ከአጋዘኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ስፌቱ ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ላልቷል። ቅባት የሚሠራው ነገር አይደለም፤ ለቆዳ ሰፊ የሚሰጥ ሥራ ነው። ስሰጠው መርፌው በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ እንዲሄድ እነግረዋለሁ። አዞ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከተከፈተ አይደፈንም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ከተገናኘ ደግሞ ይቀደዳል።